ቀብሬ መንገድ እንዳይዘጋ ያሉት ባለ ፋብሪካ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ነበር። ስሙን አልጠራም። ባለቤቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፣ ወራሾቻቸውም እስካሁን አልታረቁም። ሰውየው ከረዳትነት ተነስተው፣ በገዛ እጃቸው ሞተር እያወረዱና እየሰቀሉ፣ አሥራ ሰባት ሠራተኛ የሚያስተዳድር ቤት ያቋቋሙ ነበሩ። ይህ ጸሐፊም አሮጌ መኪናውን ሃያ ዓመት ያህል እዚያ ሲያመላልስ ኖሯል። ሞቱ፣ ተቀበሩ። አርባቸው ሳይወጣ የጋራዡ ማኅተም የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ፤ ማኅተሙ ሲገኝ ቼክ ላይ የሚፈርም ጠፋ፤ ፈራሚ ሲገኝ ልጆቹ በሦስት ጠበቃ ተከፋፈሉ። ባለፈው ሰሞን በዚያ ሳልፍ በሩ ተከፍቶ ክሪኩ፣ ፕሬሱና የመፍቻ ሣጥኑ በሚዛን እየተመዘነ በብረታ ብረት ነጋዴ መኪና ላይ ሲጫን አየሁ። የሰላሳ ዓመት ድካም በኪሎ ተሸጠ።

ስለ እኒህ ሰው ልጽፍ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ በፍርድ ቤት ስላለና ልጆቹንም ስለማውቃቸው ተውኩት። በምትኩ ስለ ሌላ ጋራዥ ባለቤት እጽፋለሁ። እሳቸውም ከረዳትነት ነው የተነሱት፤ እሳቸውም ሚስትና ልጆች የነበሯቸው፣ ቁጡ፣ ጨዋታ ወዳድና ግትር ሰው ነበሩ። የተወለዱት በጃፓን ነው። ስማቸው ሶይቺሮ ሆንዳ ይባላል።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ሆንዳ ሲወራ ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ሞተር ብስክሌቱ ነው። ለገበያ ሰው ግን ትልቁ ቁም ነገር ሥራውን እንዴት እንደጀመሩት ሳይሆን እንዴት እንደለቀቁት ነው ባይ ነኝ። ይሁንና ያላነሱትን አይለቁምና ከመነሻው እንጀምር። ዓመቶቹ፣ በስማቸው ዓ.ም. ካልተጻፈ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጁ ሶይቺሮ የተወለደው በኅዳር ወር 1906 ሐማማትሱ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ኮምዮ በምትባል መንደር ነው። አባቱ ጊሄይ ቀጥቃጭ፣ እናቱ ሚካ ሸማኔ ነበሩ። እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህ ሕፃን ገና በእናቱ ጀርባ ሳለ፣ በ1900 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በእኛ አገር አፄ ምኒልክ ሠራተኛን ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጅ እስኪያስፈልግ ድረስ ስድብ የነበረው ሙያ የእሱ የአባትና የእናቱ ሙያ ነው። ጊሄይ ብረት ከመቀጥቀጥ ብስክሌት ወደ መጠገን ተሸጋገረ፤ ልጁም ትምህርት ቤት ጥቁር እጅና ጥቁር አፍንጫ ይዞ የሚሄድ ዓይነት ሆነ። በመንደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ሲያልፍ ከኋላዋ ሮጦ፣ መሬት ላይ የጠበጠበችውን ዘይት ተንበርክኮ እንዳሸተተና ያ ሽታ ዕድሜውን ሙሉ ከአፍንጫው እንዳልወጣ በኋላ ራሱ ተናግሯል።

በ1917 አንድ አሜሪካዊ አብራሪ ሐማማትሱ መጥቶ አውሮፕላን ያሳያል ተባለ። ልጁ ከቤት ሳንቲም አንስቶ፣ እግሩ ፔዳል በቅጡ የማይደርስበትን የአባቱን ብስክሌት ይዞ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። ሲደርስ ገንዘቡ ለመግቢያ አልበቃውም። ዛፍ ላይ ወጥቶ አየ። ማታ ቤት ሲመለስ አባትየው ለመቅጣት ተዘጋጅተው ነበር፤ አውሮፕላኑን እንዳየ ሲሰሙ ግን ቁጣው በረደና ስለ ማሽኑ ይጠይቁት ጀመር። ልጅ የሚወጣው ከእንደዚህ ዓይነት ማታ ነው። ብዙዎቻችን ያንን ማታ በቀበቶ አሳልፈነዋል።

በ1922፣ አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ፣ ቶኪዮ ወደሚገኝ አርት ሾካይ ወደሚባል ጋራዥ ገባ። መካኒክ እሆናለሁ ብሎ የሄደው ልጅ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የተሰጠው ሥራ የጌታውን ሕፃን ማዘልና ወለል መጥረግ ነበር። የእኛ ረዳቶች ይህን ያውቁታል፤ ቡና ማመላለስ፣ ጎማ ማንከባለል፣ መፍቻ ማቀበል፣ ስድብ መዋጥ። ሆንዳም ሻንጣውን አንስቶ ሊሄድ ነበር፤ የአባቱ ፊት ትዝ ሲለው ተቀመጠ። ከዚያ በመስከረም ወር 1923 ቶኪዮን ያወደመው ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ። ጋራዡ ተቃጠለ፣ ብዙዎቹ ሠራተኞች ወደ ቤተሰቦቻቸው ተበተኑ፣ የቀረው ልጅ የተቃጠሉ መኪኖችን እየጠገነ ሙያውን በአንድ ጊዜ ተማረ። ጌትየው ዩዞ ሳካኪባራ አስተዋይ ሰው ነበሩ። በ1928 ለሃያ አንድ ዓመቱ ሆንዳ የጋራዡን ስም ሰጥተው ሐማማትሱ ላይ ቅርንጫፍ እንዲከፍት አሰናበቱት። ለተለማማጅ ስም መስጠት ማለት ከደመወዝ በላይ ነው። እዚህ እኛ ዘንድ አንድ ረዳት የራሱን ጋራዥ ከከፈተ ደንበኛ ሰረቀኝ ተብሎ ስሙ ይጠፋል። ያ ጌታ ስሙን ባያበድረው ኖሮ ሆንዳ የሚባል ኩባንያ ይኖር ነበር ብሎ የሚምል ይኖራል? እኔ አልምልም።

እስከዚህ አንተ ስንለው የቆየነው ሰው እንግዲህ ባለ ጋራዥ ሆኗልና አንቱ ይባላል። ሚስተር ሆንዳ ሐማማትሱ ላይ ገንዘብ አገኙ። በእንጨት ፈንታ የብረት ዘንግ ያለው የመኪና መንኮራኩር ሠርተው የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። በ1935 ሳቺ የምትባል ወጣት አገቡ። በ1936 በውድድር መኪና ተገልብጠው ክፉኛ ተጎዱ። ጥገና ሰልችቷቸው ነበር፤ መሥራት ፈለጉ። የመረጡት ዕቃ የፒስተን ቀለበት ነው፣ መካኒኮቻችን ፋሻ የሚሉት።

ይህ ክፍል ለእኛ ባለሙያዎች ከሁሉ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። ሚስተር ሆንዳ እጄ ያውቃል፣ ብረት አቅልጬ ቀለበት ማውጣት አያቅተኝም ብለው ገቡ። የወጣው ቀለበት ግን ወይ ይሰበራል፣ ወይ ሲሊንደሩን ይፍቃል። ለወራት ሌሊቱን ምድጃ ሥር አደሩ፤ ያጠራቀሙት አለቀ፣ የሚስታቸው ጌጥ ሳይቀር በመያዣ ገባ ይባላል። በመጨረሻ ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው የሐማማትሱ ቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ዘንድ ቀለበቱን ይዘው ሄዱ። መምህሩ መርምሮ ሲሊከን ይጎድለዋል አላቸው። ሲሊከን ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር! በሰላሳ ዓመት ዕድሜያቸው፣ የጋራዥ ጌታ ሆነው ሳለ፣ ከልጆች ጋር ዴስክ ላይ ተቀመጡ። ለሥራቸው የሚያስፈልገውን ብቻ ያዳምጣሉ፤ ፈተና አልቀመጥም አሉ። ትምህርት ቤቱም እንግዲያው ዲፕሎማ የለዎትም አላቸው። የሰጡት መልስ ዝነኛ ነው፤ የሲኒማ ትኬት ቢያንስ ሲኒማ ቤት ያስገባል፣ ዲፕሎማ ግን እንጀራ ለማስገባቱ ዋስትና የለውም የሚል ነበር።

ይህን ቀልድ ብዙ ሰው ይጠቅሰዋል፤ አብዛኛው ለመጥፎ ነገር ነው የሚጠቅሰው። ያልተማረ ሰው ትምህርትን ለማንቋሸሽ ይጠቀምበታል። ዳሩ ግን ሰውየው ዲፕሎማውን ተዉ እንጂ ክፍሉን አልተዉም። ሲሊከንን ያወቁት ከመምህር ነው። ያም ሆኖ ለቶዮታ ካቀረቧቸው 50 ቀለበቶች ፍተሻ ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ። እንደገና ፋብሪካ ለፋብሪካ እየዞሩ ተማሩ። ጥራቱ ተስተካክሎ ሥራው ሲሰምር ጦርነት ገባ፤ ቶዮታ ከድርሻው 40 በመቶውን ያዘ፣ ወንድ ሠራተኞች ወደ ግንባር ሄዱ፣ ሚስተር ሆንዳም ልምድ የሌላቸው ሴቶች እንዲሠሩበት ማሽኖቹን በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ አደረጓቸው። በጥር 1945 የመሬት መንቀጥቀጥ ፋብሪካቸውን ጣለው። ጦርነቱ ሲያበቃ የተረፈውን ድርሻ ለቶዮታ በ450,000 የን ሸጡት።

ከዚያስ? ምንም። አንድ ዓመት ዕረፍት አወጁ። በ10,000 የን አንድ በርሜል የሕክምና አልኮል ገዝተው ከወዳጆቻቸው ጋር እየቀመሱ ተቀመጡ። አገሩ በሙሉ ተርቦ፣ ሚስታቸው ጓሮ አትክልት እየኮተኮቱ፣ እሳቸው ቁጭ! ስለ ደግ ባለ ቤተሰብ ስጽፍ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሳቺ ሆንዳ ያን ዓመት እንዴት እንዳለፉት የጻፈ የለም ለማለት ያህል ነው። በዚህ ገጽ ስለ ካፒታል ብዙ ይጻፋል፤ በየጓሮው እየኮተኮተ ባልን የሚያኖረው ካፒታል ግን በሒሳብ መዝገብ ገብቶ አይቼ አላውቅም።

በ1946 መገባደጃ አካባቢ ሚስተር ሆንዳ ከአንድ ወዳጃቸው ቤት የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ጄኔሬተር ሞተር አዩ። ትንሽ ናት። ብስክሌት ላይ ገጠሟት። ለነዳጅ ማጠራቀሚያ ያገኙት ብርድ ሲሆን ሙቅ ውሃ ተሞልቶበት አልጋ ውስጥ የሚገባ የቤት ዕቃ ነበር። ቤንዚን በራሽን ስለነበር ከጥድ ሥር የሚወጣ ዘይት ቀላቀሉበት። ለመሞከር የወጡት ደግሞ ሳቺ ናቸው። ሴት ልትነዳው የምትችል ከሆነ ማንም ይነዳዋል የሚል ሐሳብ ነበር። ሳቺ የተሻለ ልብሳቸውን ለብሰው በከተማው መንገድ ነዱት፤ ሲመለሱ ልብሳቸው በሙሉ ዘይት ተረጭቶበት ነበርና ደንበኞች ይህን አይቀበሉህም አሉ። ባል መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ ኋላ ግን የነዳጅ መቀላቀያውን አስተካክለው የዘይቱን መረጨት አስቀሩት። የኩባንያው የመጀመሪያ የጥራት ተቆጣጣሪ ማን ነው ቢሉኝ ሳቺ ሆንዳ ነው የምለው። 500 ያህሉ የጦር ሞተር ሲያልቅ የራሳቸውን ሠሩ፤ በመስከረም 1948 በ1 ሚሊዮን የን ካፒታልና በ34 ሠራተኞች ሆንዳ ሞተር ተቋቋመ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1949 አንድ የጋራ ወዳጅ ታኬኦ ፉጂሳዋ የሚባል ሰው አስተዋወቃቸው። ፉጂሳዋ ስለ ሞተር የሚያውቀው እምብዛም ነው፤ የሚያውቀው ገበያ ነው። ሚስተር ሆንዳ በዚህ ጊዜ ያደረጉት ነገር ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ነው። የኩባንያውን ማኅተም አውጥተው ሰጡት! ገንዘቡንም፣ ሽያጩንም፣ ባንኩንም አንተ ያዝ፣ እኔ ወደ ሞተሬ ልመለስ አሉ። ማኅተሙን ዳግም አልነኩትም፤ ወደ ዋናው ቢሮም የሚመጡት ከስንት አንዴ ነበር። ፉጂሳዋ በበኩሉ ወደ መሐንዲሶቹ ክፍል ገብቶ ይህን ፍታ፣ ያን እሰር አላለም።

የፉጂሳዋን ገበያ አዋቂነት በአንድ ነገር ብቻ ላሳይ። በ1952 ብስክሌት ላይ የሚገጠም ኩብ የተባለች ሞተር ሲያወጡ አከፋፋይ አልነበራቸውም። ፉጂሳዋ በመላ ጃፓን ላሉ ወደ 55,000 የሚጠጉ ብስክሌት ቤቶች ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው አያቶቻችሁ ብስክሌት መሸጥ በጀመሩ ጊዜ ፈርተው ነበር፣ ይኸው እንጀራችሁ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ዘመኑ ሞተር ይፈልጋል የሚል መንፈስ ነበረው። ከ30,000 በላይ መልስ መጣ። ገንዘቡን አስቀድማችሁ በባንክ አስገቡ አላቸው፤ ወደ 13,000 የሚሆኑ ቤቶች አከፋፋይ ሆኑ። ትልቅ ነጋዴ ደጅ ሳይጠና፣ በትንንሽ ብስክሌት ጠጋኞች ገንዘብ ፋብሪካ ቆመ። መርካቶ ውስጥ አስመጪና ጅምላ አከፋፋይ ካልፈቀደ ዕቃዬ አይሸጥም እያለ የሚያማርር አምራች ይህን ደጋግሞ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ሱፐር ኩብም የሁለቱ ልጅ ናት። ፉጂሳዋ የጠየቀው ምግብ አመላላሽ ልጅ በአንድ እጁ የኑድል ትሪ ይዞ በሌላው እጁ ሊነዳት የሚችል ሞተር ነበር። ስለዚህ የፍሪሲዮን እጀታ የላትም፤ ማርሹን እግር ይለውጠዋል። ልብስ እንዳይቆሽሽ ከፊት መከላከያ አላት። የሳቺ ልብስ እዚህ ጋ ትዝ ሊለን ይገባል። በ1958 በ55,000 የን ለገበያ ቀረበች፤ በ2017 የተመረተችው ቁጥር 100 ሚሊዮን ሞላ። በዓለም ላይ ይህን ያህል የተመረተ ባለ ሞተር ተሽከርካሪ ሌላ የለም።

ውድድሩን ባጭሩ ልለፈው። በ1954 ኩባንያው ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ ሳለ፣ ሚስተር ሆንዳ የእንግሊዙን የማን ደሴት ውድድር እናሸንፋለን ብለው አወጁ። ሄደው ሲያዩ የአውሮፓውያን ሞተር የእነሱን ሦስት እጥፍ ጉልበት ነበረው። በ1959 ገቡ፣ በ1961 በ125ና በ250 ሲሲ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያለውን ደረጃ ጠራርገው ወሰዱ። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ባሸነፈበት በ1964 ደግሞ ሆንዳ ፎርሙላ ዋን ገባ።

ይህን ሁሉ ሲያነቡ ቅዱስ ሰው ይመስላሉ። አልነበሩም። ሠራተኞቻቸው ነጎድጓድ ይሏቸው ነበር። ሥራ የተበላሸ እንደሆነ በእጃቸው የገባውን ይወረውራሉ፤ በመፍቻ የተመታም አለ። ከዚህ የከፋው ግትርነታቸው ነው። ሞተር በንፋስ እንጂ በውሃ መቀዝቀዝ የለበትም የሚል እምነት ነበራቸው፤ ውሃውስ በመጨረሻ የሚቀዘቅዘው በንፋስ አይደለም ወይ ይሉ ነበር። በ1968 በንፋስ የሚቀዘቅዝ የውድድር መኪና አሠሩ። የቡድኑ አሽከርካሪ ጆን ሰርቲስ ገና አልደረሰችም፣ አልነዳትም አለ። በፈረንሣይ ሩዋን ከተማ በተደረገው ውድድር ጆ ሽሌሰር ነዳት፤ ተጋጨች፣ ተቃጠለች፣ እሱም ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ያወጡት በንፋስ የሚቀዘቅዝ የቤት መኪናም ውስብስብና ውድ ሆኖ በገበያ ወደቀ። ወጣት መሐንዲሶች የዓለም ጭስ ቁጥጥር እየጠበቀ ነው፣ በውሃ ካልሆነ አንችልም ቢሉ ሰሚ አጡ። ሁሉን በእጁ የተማረ ሰው እጁ የማያውቀው ነገር ሲመጣ ጠላት ይመስለዋል።

ፈቺው ማኅተም ያዡ ነበር። ፉጂሳዋ ሄዶ፣ ለመሆኑ አንተ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ነህ ወይስ መሐንዲስ፣ አንዱን ምረጥ አለው ይባላል። ከብዙ ዝምታ በኋላ ሚስተር ሆንዳ ፕሬዚዳንት ልሁን አሉ። እንግዲያው ልጆቹ በውሃ ይሥሩ? ይሥሩ። ነገሩ በዚህ አለቀ። ሰውየው በስማቸው በተሰየመ ኩባንያ፣ በገዛ ሙያቸው፣ በሌላ ሰው ተረቱ። ከዚያ የመጣችው ሲቪክ ናት። በ1972 ሲቪሲሲ የተባለው ሞተራቸው በ1970 የወጣውን ጥብቅ የአሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕግ ልክ በማሟላት ከዓለም የመጀመሪያው ሆነ፤ የዲትሮይት ታላላቆች አይቻልም እያሉ በሚከራከሩበት ወቅት ማለት ነው።

በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ ሚስተር ሆንዳ ለወጣቶቹ አሜሪካኖቹን የምንቀድምበት ዕድል መጣ ሲሏቸው፣ ወጣቶቹ እኛ የምንሠራው ኩባንያውን ለማስቀደም ሳይሆን ለሕዝቡ ንጹሕ አየር ብለን ነው አሏቸው። ሌላ ባለቤት ቢሆን እነማን ናችሁ ብሎ ያባርራቸዋል። እሳቸው ግን ራሳቸውን ታዘቡ፤ ዘመኔ አልፏል አሉ። በ1973፣ ኩባንያው 25ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ፉጂሳዋ ልልቀቅ ነው የሚለውን ወሬ ሲሰሙ እኔም አብሬው አሉ። ሁለቱም በአንድ ቀን ወጡ። ሆንዳ ገና 66 ዓመታቸው ነበር። ቦታውን የያዘው የ45 ዓመቱ ኪዮሺ ካዋሺማ ነው፤ በ1947 ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቶ የተቀጠረ መሐንዲስ እንጂ የሥጋ ዘመድ አይደለም።

ልጆቻቸውስ? ልጆቼ ኩባንያው ውስጥ አይገቡም የሚለው ከፉጂሳዋ ጋር የተስማሙበት ነገር ነበር። ወንድ ልጃቸው ሒሮቶሺ እንደ አባቱ የሞተር ፍቅር ነበረው፤ አባትየው በለቀቁበት በዚያው ዓመት ሙገን የሚባል የራሱን የውድድር ሞተር ቤት ከፈተ። ሚስተር ሆንዳ ኩባንያውን በስሜ መሰየሜ ስሕተት ነበር እያሉ ይቆጩ እንደነበር ተደጋግሞ ተነግሯል። አባት ልጁን ከውርስ ሲያስቀር ጨካኝ ይመስላል። እኔ ግን ጠበቃ ለሦስት የተከፋፈሉትን የተክለ ሃይማኖት ልጆች ሳስብ፣ ለልጅ ማዘን የትኛው እንደሆነ ግራ ይገባኛል።

ተቃራኒውን ማስረጃ መሸሸግ አይገባም። ቶዮታ እስከ 2023 ድረስ የመሥራቹ የልጅ ልጅ ፕሬዚዳንት ሆኖ መርቶታል፣ ኩባንያውም አልወደቀም። ስለዚህ ልጅ መውረሱ ኃጢአት ነው አልልም። ልዩነቱ ልጁ ሲረከብ ኩባንያ መረከቡ ወይስ የአባቱን ኪስ መረከቡ ላይ ነው። በእኛ አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት አባል ይጠይቅ ነበር። ስንቱ ባለ ሥራ ሁለተኛ አባል አድርጎ የጻፈው ሚስቱን ወይም ገና ያልጎረመሰ ልጁን ነው! ለወረቀት ማሟያ የተጻፈው ስም ባለቤቱ ሲሞት ባለ መብት ሆኖ ይነሳል፤ ሥራውን ተሸክሞ የኖረው ዋና መካኒክ ግን በወረቀቱ ላይ የለም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ ለይስሙላ መጻፉ ይቀር ይሆናል። ማኅተሙን ለሌላ ሰው መስጠትን ግን ሕግ አያስተምርም።

ሚስተር ሆንዳ ከለቀቁ በኋላ ቤታቸው አልተቀመጡም። በመላ ጃፓን ያሉትን የኩባንያውን ቅርንጫፎችና ሽያጭ ቤቶች፣ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ያሉባቸውን ሳይቀር፣ እየዞሩ የሠራተኛውን እጅ ጨብጠው አመሰገኑ። ከዓመት በላይ ፈጀባቸው። አንዱ መካኒክ እጁ በዘይት ስለቆሸሸ ሊታጠብ ሲሮጥ ግድ የለም ብለው እንደያዙትና እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው ወስደው ዘይቱን እንዳሸተቱ ይነገራል። ያ የመንደር ልጅ አልተለወጠም ማለት ነው። በ1989 አሜሪካ ውስጥ በአውቶሞቢል ታላላቆች መዝገብ ስማቸው ሲሰፍር ከጃፓን የመጀመሪያው ነበሩ። ሜዳሊያውን ይዘው የሄዱት ወደ ፉጂሳዋ ቤት ነው። ፉጂሳዋ ከወራት በፊት ሞቶ ነበር። ከፎቶግራፉ ፊት አስቀምጠው ይህ የሁለታችን ነው አሉት ይባላል።

ነሐሴ 5 ቀን 1991 በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። የኩባንያ ቀብር አታድርጉልኝ፣ መኪና የሚሠራ ሰው በሞቱ መንገድ ሊዘጋ አይገባም ብለው ነበርና ቀብራቸው በቤተሰብ ብቻ ተፈጸመ። ኩባንያው በኋላ ሊያመሰግኗቸው ለሚፈልጉ ሁሉ በየፋብሪካው ሥፍራ አዘጋጅቶ ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው መጣ።

ይህን ታሪክ ባለፈው እሑድ ለተክለ ሃይማኖቱ ጋራዥ ዋና መካኒክ ለነበረው ሰው አጫወትኩት። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ሠርቷል። አሁን ከዚያው በር ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሸራ ወጥሮ ክሪክና ሁለት ሣጥን መፍቻ ይዞ ይሠራል፤ የድሮ ደንበኞችም እየመጡለት ነው። ጋሼ ሊሞቱ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ድርሻ እንዲጽፉለት ጠይቋቸው እንደነበርና ቆይ ልጆቹ ይምጡ እንዳሉት ነገረኝ። ልጆቹ የመጡት ለቀብር ነው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ ስለ ሆንዳ የነገርኩትን እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማኝ። ስለ ሱፐር ኩብም፣ ስለ ፎርሙላ ዋንም፣ ስለ ሜዳሊያውም አንድ ነገር አልጠየቀኝም።

«ያ ማኅተሙን የሰጡት ሰውዬ» አለ፣ «ሲሰጡት ወረቀት ተፈራርመው ነበር ወይስ በቃል ነው?»